የጋዝ ሕጎች ስሌት ደረጃ በደረጃ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሰመራ

የጋዝ ሕጎች ምዕራፍ ላይ ተማሪ የሚሰናከለው በቀመሩ አይደለም። ቀመሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሁሉ ይሠራቸዋል። ነጥብ የሚያስጥለው ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው። ሙቀቱ ከየት ተነስቶ ነው የተቆጠረው? ግፊቱስ ከምን በላይ ነው የተለካው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ካልተመለሱ የቀረው ስሌት በሙሉ ልክ ሆኖ መልሱ ስህተት ይወጣል።

ጉዳዩ ደጋ ላይ ለሚኖር ተማሪ የበለጠ ይመለከተዋል። አብዛኛው መጽሐፍ የሚያስበው የባሕር ጠለልን ግፊት ነው፤ 101.3 ኪሎ ፓስካል። 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ግን የከባቢ አየር ግፊቷ 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ከመጽሐፉ ቁጥር በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሕጎቹን በአንድ የአገራችን መንገድ ላይ እንሠራቸዋለን። አንድ መኪና ማለዳ፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ ይነሳል። በአዳማ፣ በአዋሽና በሚሌ አልፎ ከሰዓት በኋላ ሰመራ ሲገባ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ደርሷል። ሰመራ 430 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ግፊቷ ወደ 96 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ጎሚስታው ጎማውን 30 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ሞልቶታል። የኋላ ወንበር ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተከደነ ባለ 1 ሊትር ባዶ ሃይላንድ አለ። ሰመራ ሲደርሱ ሁለቱ ምን ይሆናሉ?

ደረጃ 1፦ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን ለዩ

የጋዝ ሞለኪውሎች በየአቅጣጫው እየተምዘገዘጉ የያዛቸውን ዕቃ ግድግዳ ይመታሉ። የእነዚያ ምቶች ድምር ግፊት ይባላል። ጋዙ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ ስለሚፈጥኑ ምቱ ይጠነክራል። ቦታው ሲጠብ ግድግዳው ቶሎ ቶሎ ይመታል። ሞለኪውል ሲጨመር መቺው ይበዛል። ሕጎቹ ሁሉ ከዚህ ይወጣሉ።

አራቱ መጠኖች ግፊት (ፒ)፣ ይዘት (ቪ)፣ የሙቀት መጠን (ቲ) እና የሞል ብዛት (ኤን) ናቸው፤ ሞል የሞለኪውሎችን ብዛት የምንቆጥርበት አሃድ ነው። ጥያቄውን አንብባችሁ ስትጨርሱ አራቱን በወረቀት ላይ ጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን “ተለወጠ” ወይም “አልተለወጠም” በሉ። ጎማው ላይ አየር ስላልወጣና ስላልገባ ኤን አልተለወጠም። የጎማው ይዘትም እንዳልተለወጠ እንቁጠረው፤ ጥቂት ይለጠጣል፣ ለስሌታችን ግን አያሳስብም። ሃይላንዱ ላይም ኤን ያው ነው፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ግን ውጭ ያለው ግፊት እንደፈለገ ያጨማድደዋል። ስለዚህ የውስጡ ግፊት ከውጭው ጋር እኩል ይሆናል፣ የሚለወጠውም ይዘቱ ነው።

ደረጃ 2፦ ሙቀቱን ወደ ኬልቪን ቀይሩ

በሴልሺየስ ላይ 273 ደምሩ፤ 15 ዲግሪ 288 ኬልቪን፣ 40 ዲግሪ ደግሞ 313 ኬልቪን ይሆናል። ስሌቱ ይኸው ነው። ለምን እንደሆነ የገባው ተማሪ ግን ፈተና ላይ አይረሳውም፤ ስለዚህ 273 ከየት እንደመጣ እንመልከት።

ፈረንሳዊው ጋይ-ሉሳክ በ1802 የተለያዩ ጋዞችን ከበረዶ መቅለጫ እስከ ውሃ መፍያ ድረስ አሙቆ ሁሉም በእኩል መጠን እንደሚሰፉ አሳየ። ዣክ ሻርል፣ ክፍል ውስጥ ቻርልስ የምንለው፣ ከእሱ ቀደም ብሎ ይህንኑ አይቶ ሳያሳትመው ቀርቶ ነበር። ጋይ-ሉሳክ ይህን በጽሑፉ ስለመሰከረለት ሕጉ እስከ ዛሬ በሻርል ስም ይጠራል። በጋይ-ሉሳክ ልኬት 0 ዲግሪ ላይ 1 ሊትር የነበረ ጋዝ 100 ዲግሪ ላይ 1.375 ሊትር ይሆናል። የዛሬው የተሻለ ልኬት 1.366 ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.00366 ሊትር ማለት ነው።

አሁን ወደ ታች ውረዱ። ጋዙ በቀዘቀዘ ቁጥር በየዲግሪው ያንኑ 0.00366 ሊትር የሚያጣ ከሆነ፣ 1 ሊትሩ ተሟጦ የሚያልቀው ስንት ዲግሪ ሲወርድ ነው? 1ን ለ0.00366 ስናካፍል 273 ይመጣል። እውነተኛ ጋዝ እዚያ ሳይደርስ ፈሳሽ ይሆናል። መስመሩ የሚጠቁመው ቦታ ግን ለሁሉም ጋዝ አንድ ነው፤ ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ። ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ በ1848 ፍጹም የሙቀት መለኪያን ሐሳብ አቀረበ፤ በስሙ የተጠራው መለኪያም ቆጠራውን ከዚህ ነጥብ ይጀምራል።

የሴልሺየስ ዜሮ ግን ውሃ የሚረጋበት ነጥብ እንጂ የሙቀት አለመኖር አይደለም። በመሆኑም 40 ዲግሪ የ20 ዲግሪ እጥፍ አይደለም። 313ን ለ293 አካፍሉት፤ 1.07 ነው። ሙቀቱ የጨመረው በ7 በመቶ ብቻ ነው። ይህች አንዲት ማካፈል ኬልቪን ለምን እንደሚያስፈልግ ከብዙ ማብራሪያ በላይ ታሳያለች።

ደረጃ 3፦ ግፊቱን ወደ ፍጹም ግፊት ቀይሩ

ከሁሉም ደረጃዎች ቸል የሚባለው ይህ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከኬልቪኑ አያንስም።

የጎሚስታው ጌጅ ዜሮ ሲያሳይ ጎማው ውስጥ አየር የለም ማለት አይደለም። ውስጡ ያለው አየር ውጭ ካለው ጋር እኩል ይገፋል ማለት ነው። ጌጁ የሚነግረን ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው። ሞለኪውሎቹ ግን የሚመቱት በጠቅላላው ግፊት ነው። ስለዚህ፦

ፍጹም ግፊት = የጌጅ ንባብ + የቦታው የከባቢ አየር ግፊት

ይህን በጥንቃቄ የሠራው ራሱ ሮበርት ቦይል ነው። በ1662 ያሳተመው ሰንጠረዥ ዛሬም ይነበባል። እንደ ጃንጥላ እጀታ የታጠፈ የመስታወት ቱቦ ወሰደ፤ አጭሩ ጫፍ ተደፍኗል፣ ረጅሙ ክፍት ነው። በክፍቱ በኩል ሜርኩሪ ሲያፈስ በድፍኑ በኩል አየር ታሰረ። መጀመሪያ ላይ የታሰረው አየር 48 ምልክት ያህል ቦታ ይዟል፤ በሁለቱም ክንድ ያለው ሜርኩሪ ከፍታው እኩል ስለሆነ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ሜርኩሪ እየጨመረ አየሩን በግማሽ፣ ወደ 24 ምልክት ሲያጠበው፣ የሜርኩሪው ልዩነት 29.69 ኢንች ደረሰ።

ልዩነቱን ብቻ ይዘን በይዘቱ እናባዛ። በመጀመሪያው 48 × 0 = 0፣ በሁለተኛው 24 × 29.69 = 713 ገደማ። እዚህ ውስጥ ምንም ሕግ አይታይም። ቦይል ግን ከሜርኩሪው በላይ አየርም እንደሚጫን ያውቅ ነበር፤ ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት አሳይቶታል። ስለዚህ የባሮሜትሩን ንባብ 29.13 ኢንች በእያንዳንዱ ልኬት ላይ ደመረ። አሁን እናባዛ፦ 48 × 29.13 = 1398፤ 24 × 58.82 = 1412። ልዩነታቸው 1 በመቶ ነው። ይዘቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ እጥፍ ሆኗል፤ የቦይል ሕግ ብቅ ያለው ከዚያች ድመራ በኋላ ነው።

ወደ ጎማችን እንመለስ። 1 ፒኤስአይ 6.895 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ 30 ፒኤስአይ 207 ኪሎ ፓስካል ነው። የአዲስ አበባን 77 ስንደምርበት ፍጹም ግፊቱ 284 ኪሎ ፓስካል ይሆናል።

ጥያቄው የትኛውን ግፊት እንደሰጣችሁ እንዴት ታውቃላችሁ? ጎማ፣ ኮምፕሬሰር፣ ሲሊንደር ላይ የተገጠመ ሜትር ሲባል የጌጅ ንባብ ነው። ባሮሜትር ሲባል ፍጹም ነው። የመማሪያ መጽሐፍ “በ2 አትሞስፌር ግፊት ያለ ጋዝ” ብሎ ዝም ካለ ፍጹም ግፊት ማለቱ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። የስልካችሁ የአየር ሁኔታ ትንበያ ለአዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ሄክቶ ፓስካል ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ያ ቁጥር ከሌሎች ከተሞች ጋር እንዲነጻጸር ወደ ባሕር ጠለል የተስተካከለ ነውና ለስሌት አይሆንም። ስልኩ የራሱ ባሮሜትር ካለው ግን ሴንሰሩ 770 ሄክቶ ፓስካል፣ ማለትም 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ያነባል፤ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ሃይላንዱን ሥሩ

ኤን ካልተለወጠ አንድ ቀመር ይበቃል፦

ፒ1 × ቪ1 ÷ ቲ1 = ፒ2 × ቪ2 ÷ ቲ2

ያልተለወጠውን ስትሰርዙ ስም ያላቸው ሕጎች ይወጣሉ። ቲ ሲሰረዝ የቦይል ነው፣ ፒ ሲሰረዝ የቻርልስ፣ ቪ ሲሰረዝ የጋይ-ሉሳክ። ሦስቱን ለየብቻ በቃል መያዝ አያስፈልግም።

ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት አቅጣጫውን ገምቱ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ ስንወርድ የውጭ ግፊት ይጨምራል፤ ሃይላንዱን ያጠበዋል። ስለዚህ ይዘቱን ከ1 በሚያንስ ክፍልፋይ እናባዛለን፦ 77/96 = 0.80። ሙቀቱም ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ ያሰፋዋል። ስለዚህ ከ1 በሚበልጥ ክፍልፋይ እናባዛለን፦ 313/288 = 1.087።

ቪ2 = 1 ሊትር × 0.80 × 1.087 = 0.87 ሊትር

ሃይላንዱ 13 በመቶ ያህል ይዘቱን አጥቶ ተጨማዶ ይደርሳል። ሙቀቱ ባይደግፈው ኖሮ ወደ 0.80 ሊትር ይወርድ ነበር። ክፍልፋዩ ከ1 ይብለጥ ወይስ ይነስ እያሉ መሥራት ፒ1ን ከፒ2 ጋር ከማምታታት ያድናል፤ ለተማሪዎቼ ቀመሩን ከመገልበጥ ይልቅ ሁልጊዜ ይህን መንገድ እመክራለሁ።

ደረጃ 5፦ ጎማውን ሥሩ፣ መልሱን ወደ ጌጅ መልሱ

ይዘቱ ካልተለወጠ ግፊቱ ከኬልቪኑ ጋር አብሮ ይወጣል።

ፒ2 = 284 × 313/288 = 309 ኪሎ ፓስካል

ይህ ፍጹም ግፊት ነው። የሰመራ ጎሚስታ ጌጁን ሲሰካ ግን የሚያየው ከሰመራ አየር በላይ ያለውን ነው። ስለዚህ የሰመራን 96 ቀንሱ እንጂ የአዲስ አበባን 77 አትቀንሱ። 309 − 96 = 213 ኪሎ ፓስካል፤ ለ6.895 ሲካፈል 30.9 ፒኤስአይ።

ሙቀቱ 25 ዲግሪ ጨምሮ ጌጁ 1 ፒኤስአይ እንኳ አልሞላም። በጎማው ውስጥ ግፊቱ በ25 ኪሎ ፓስካል አድጓል፤ ነገር ግን የውጭው አየርም በ19 ጨምሮ አብዛኛውን ሸፍኖታል። በሴልሺየስና በጌጅ ንባብ የሠራ ተማሪ 30 × 40/15 ብሎ 80 ፒኤስአይ ያገኛል። ያ እውነት ቢሆን ኖሮ ወደ አፋር የሚወርድ መኪና ሁሉ ጎማው በመንገድ ላይ በፈነዳ ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች ለቆመና ለቀዘቀዘ ጎማ ናቸው። በረጅም ጉዞ ጎማው ራሱ ይሞቃል። የውስጡ አየር 60 ዲግሪ፣ ማለትም 333 ኬልቪን ቢደርስ፣ ስሌቱ 284 × 333/288 − 96 = 232 ኪሎ ፓስካል፣ 34 ፒኤስአይ ገደማ ይሰጣል። በዚህ ሰዓት ተለክቶ “በዝቷል” ተብሎ ቢተነፈስ፣ ሲቀዘቅዝ ከሚፈለገው በታች ይሆናል። የጎማ አየር ከጉዞ በፊት ይለካ የሚባለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ የጋዙ ብዛት ሲጠየቅ ሞልን አስገቡ

አቮጋድሮ በ1811 ግፊትና ሙቀት እኩል ከሆኑ፣ እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል የሞለኪውል ብዛት አላቸው አለ። የጋዙ ዓይነት ለውጥ አያመጣም። ክላፔይሮን በ1834 ሕጎቹን አንድ ላይ አሰባሰበ፤ ያ ቀመር ዛሬ የምንጽፈው እንዲህ ነው፦

ፒ × ቪ = ኤን × አር × ቲ

ግፊቱ በኪሎ ፓስካል፣ ይዘቱ በሊትር ከሆነ አር የተባለው የማይለወጥ ቁጥር 8.314 ነው። ግፊቱ በአትሞስፌር ከሆነ 0.0821። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ሥሩ።

“1 ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ነው” የሚለውን ሁሉም ተማሪ ያውቀዋል። ቁጥሩ የሚሠራው ግን በ0 ዲግሪና በ101.3 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። አንዳንድ መጽሐፍ 22.7 የሚለው ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ከ1982 ጀምሮ መለኪያ ግፊቱን 100 ኪሎ ፓስካል ስላደረገው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ 20 ዲግሪ ባለው ክፍል፣ 1 ሞል ጋዝ ስንት ሊትር ነው?

ቪ = 1 × 8.314 × 293 ÷ 77 = 31.6 ሊትር

ይህን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። 8.4 ግራም ቤኪንግ ሶዳ 0.1 ሞል ነው፤ በቂ አቼቶ ሲፈስበት 0.1 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በ22.4 የሠራ ሰው 2.24 ሊትር ይጠብቃል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 3.16 ሊትር ነው። ሶዳውን ፊኛ ውስጥ አድርጋችሁ ፊኛውን አቼቶ ባለበት ጠርሙስ አፍ ላይ ግጠሙና ገልብጡት። ፊኛው ከስሌቱ ትንሽ አንሶ ይነፋል፤ ከጋዙ ጥቂቱ በአቼቶው ውስጥ ይሟሟል፣ የፊኛው ላስቲክም ጋዙን ይጨቁነዋል። ጠርሙሱን በክዳን ግን በፍጹም አትድፈኑት፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ድብልቅ ከሆነ ድርሻውን አውጡ

ጋዞች ሲደባለቁ እያንዳንዱ ብቻውን እንዳለ ሆኖ ይገፋል፤ ጠቅላላው ግፊት ድምራቸው ነው። ይህ የዳልተን ሕግ ነው። ኦክስጅን የአየር 21 በመቶ ስለሆነ የግፊት ድርሻው በባሕር ጠለል 21.3፣ በአዲስ አበባ 16.2 ኪሎ ፓስካል ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው መቶኛው ስለቀነሰ አይደለም፤ 21 በመቶው ያው ነው። የቀነሰው ግፊቱ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ጋዝ በውሃ ላይ ከሰበሰባችሁም የውሃውን ተን ግፊት ቀንሱ፤ በ20 ዲግሪ 2.3 ኪሎ ፓስካል ነው፣ ከ77 ላይ ለጋዛችሁ 74.7 ይቀራል።

ቀመሩ የማይሠራበት ቦታ

10 ሊትር የሚይዝ የኦክስጅን ሲሊንደር ሜትሩ 15,000 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 150 ባር ቢያሳይ፣ በ20 ዲግሪ ወደ 62 ሞል፣ በክብደት 2 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን አለው። እዚህ ላይ 77ን መደመር መልሱን አይነቀንቀውም፤ ትርጉም የሚኖረው የጌጁ ንባብ ራሱ ትንሽ ሲሆን ነው። ትክክለኛው መጠን ከ2 ኪሎው በጥቂት በመቶ ይበልጣል፤ በዚህ ግፊት ሞለኪውሎቹ ስለሚቀራረቡ እርስ በርስ ይሳሳባሉ። ለዚህ ማስተካከያውን ቫን ደር ዋልስ በ1873 አቀረበ፣ በ1910ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። ያም ሆኖ የሲሊንደሩ ሜትር ግማሽ ላይ ሲደርስ ግማሽ ያህሉ ኦክስጅን ቀርቷል ማለት ይቻላል።

የወጥ ቤቱ ሲሊንደር ግን እንዲህ አይደለም። ውስጡ ያለው በአብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ ከላይ ያለው ጋዝ ሲወጣ ፈሳሹ ተንኖ ይተካዋል። ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ የቀረው መጠን አይደለም። ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረውም ግፊቱ እንደሞላ ሰሞን ነው። የቀረውን ለማወቅ ሲሊንደሩን በሚዛን መዝናችሁ ሲሊንደሩ ላይ የተቀረጸውን የባዶውን ክብደት ቀንሱ።

ለራሳችሁ የሚሆን ጥያቄ

መኪናው ሰመራ ላይ፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ ቀዝቅዞ የቆመ ጎማው 30 ፒኤስአይ ተሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሌሊቱን አድሮ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲሆን ጌጁ ስንት ያነባል?

ፍጹም ግፊቱ 207 + 96 = 303 ኪሎ ፓስካል ነው። ሙቀቱ ስለቀነሰ ከ1 በሚያንስ ክፍልፋይ እናባዛለን፦ 303 × 283/313 = 274። የአዲስ አበባን 77 ስንቀንስ 197፤ ይህም 28.6 ፒኤስአይ ነው። 27.1 ያገኘ ሙቀቱን በትክክል ወደ ኬልቪን ቀይሮ የጌጁን ንባብ እንዳለ ስላስገባ ወደ ደረጃ 3 ይመለስ። 7.5 ያገኘ ከደረጃ 2 ይጀምር።